ሳይሠራ የተገባበት ቤት

የመስቀል ሰሞን አልፎ፣ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ መንገዱ ጠፈፍ ሲል፣ አያ ደምሴ ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። አያ ደምሴ ግንበኛ ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ድንጋይ ሲጠርቡና ግንብ ሲያቆሙ ኖረዋል፤ ጠጉራቸው እንደ ተባዘተ ጥጥ ቢነጣም ክንዳቸው ገና አልላላም። የአገሩ ሰው «ደምሴ ያቆመው ግንብ ባለቤቱን ይቀብራል» ይላል፤ ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆማል ማለቱ ነው። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ሰው በእጁ ሥራ ካልኮራ በምን ይኮራል?

ከተማ ቀጥቃጭ ዘንድ ያሳሏቸውን መሮዎች በከረጢት ይዘዋል። ከረጢቱን ወደ ወንበሩ ሥር ሊገፉ ሲሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ሴት ደንግጣ እጇን ዘረጋች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ እዚያ ያለውን ሳጥን እንዳይነኩብኝ፤ ቶሎ ይሰበራል።»

«ምንድን ነው ልጄ? ዕንቁላል ነው?»

ልጅቱ ፈገግ አለች። «ዕንቁላልስ አይደለም። ቤት ነው።»

«ቤት?»

«አዎ፣ ገና ያልተሠራ ቤት።»

አያ ደምሴ ጎንበስ ብለው ሳጥኑን አዩት። ጥቁር ነው፤ አንድ ቁና ጤፍ እንኳ የሚይዝ አይመስልም። ቀና ብለው ደግሞ ልጅቱን አዩዋት። ሱሪ ለብሳ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች፤ ስትናገር ዓይኗን ከሰው ዓይን አታሸሽም። «እብድ አትመስልም» አሉ በልባቸው።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቤት ስሠራ ኖሬአለሁ። ሳጥን ውስጥ የገባ ቤት ግን አላየሁም። ምን ማለትሽ ነው?»

ልጅቱ እቴነሽ ትባላለች። የእብናት ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር የሕንፃ ምህንድስና ተምራ ሥራ ከያዘች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ ግንበኛ መሆናቸውን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«እንግዲያው የሙያ ዘመዶች ነን» አለች። «ሳጥኑ ውስጥ ያለው መነጽር ነው። ዓይንዎ ላይ ሲያደርጉት፣ በኮምፒውተር የነደፍሁት ቤት በቁመናው ልክ ፊትዎ ይቆማል። ቀና ሲሉ ጣሪያውን፣ ዞር ሲሉ መስኮቱን ያያሉ። ሲራመዱ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ባለሙያዎች ቪአር ይሉታል። እኔ ግን የሚገቡበት ሥዕል እለዋለሁ።»

«ድግምት ነው በይኛ!» አሉ አያ ደምሴ። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሳቁ።

«ድግምት አይደለም አባቴ። ሥዕል ነው።»

«ስሚኝ ልጄ። ቤት የሚታየው በችካልና በሲባጎ ነው። ችካሉን ትተክያለሽ፣ ሲባጎውን ትወጥሪያለሽ፣ ባለቤቱ መሃሉ ገብቶ ይቆምና ‹ይበቃኛል› ወይም ‹ጠበበኝ› ይላል። አባቶቻችን በዚሁ ነው ቤተ ክርስቲያኑንም አዳራሹንም ያቆሙት።»

«እውነትዎን ነው። ሲባጎ ስፋቱን ያሳያል። ከፍታውንስ ያሳያል? ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባስ? በሩ ሲከፈት አልጋውን ይመታ እንደሆነስ?»

«እሱን ግንበኛው በልቡ ያየዋል።»

«እሰየው፣ ግንበኛው በልቡ አየው። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰውስ በማን ልብ ይየው?»

አያ ደምሴ መልስ የማያጣ ሽማግሌ ናቸው። ነገር ግን ይህች ጥያቄ ጫማ ውስጥ እንደ ገባች ጠጠር ቆረቆረቻቸው። ሰው የለመደውን ነገር ሲነኩበት መጀመሪያ የሚቆጣው፣ የተነገረው ሐሰት ሲሆን ሳይሆን ትንሽ እውነት ሲኖርበት ነው።

በዚህ መካከል የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ እያጉረመረመ ወረደ፣ ተሳፋሪውም ተከትሎ ወረደ። አያ ደምሴና እቴነሽ ከመንገዱ ዳር ጥላ ያለበት ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። ከበታቻቸው የገብሱ ዛላ ማዘንበል ጀምሯል። ልጅቱ ሳጥኑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ «ጎማው እስኪለወጥ እስቲ አንድ ጊዜ ይዩት» አለቻቸው።

አያ ደምሴ እጃቸውን አንስተው ከለከሏት።

«አይሆንም። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፣ አለ ያገሬ ሰው። ሥዕል መቼም ያማረ ነው። ሥዕል ጠቦ አያውቅም፤ የሚጠበው ቤቱ ነው። ይህን ስልሽ ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። በእኛ ቀበሌ የማዋለጃ ክፍል ሲሠራ አንድ ተቋራጭ ወረቀት ይዞ መጣ። መስመሩ እንዴት ያለ ነበር! ሁላችንም አጨበጨብን። ቤቱ አለቀ፣ ቀለም ተቀባ። አምና በክረምት ልጄ ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመን ወሰድናት፤ የፊቱን እንጨት የያዝሁት እኔ ነበርሁ። በሩን አልፈን ወደ ክፍሉ ልንታጠፍ ስንል ቃሬዛው ማዕዘኑ ላይ ተቀረቀረ። ወደፊት አይሄድ፣ ወደኋላ አይመለስ። ስንገፋ እሷ ትጮሃለች። በመጨረሻ መልሰን አወጣንና ዝናቡ ውስጥ መሬት ላይ አስቀመጥናት፤ ከዚያ በእጅ፣ በእጅ አነሳናት።» ዓይናቸውን ወደ ገብሱ ማሳ አዞሩ። «እሷ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ወረቀቱ ላይ ያ ማዕዘን አልነበረም። ስለዚህ ሥዕል አትንገሪኝ።»

እቴነሽ ሳጥኑን ከጉልበቷ አውርዳ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጅዎ ስሟ ማን ነው?»

«ዓለሚቱ።»

«ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያ ሄዳ ታውቃለች?»

«የት ሄዳ! ‹ብሞትም ቤቴ ልሙት› ትላለች። እሷ ብቻ ብትሆን ደግ ነበር፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እሷን እያየ ቀረ። ይኸው አሁን ያንን አፍርሰን ሌላ እንሠራለን ተብሎ ኢንጂነር እየጠበቅን ነው።»

«ቀበሌያችሁ ማን ይባላል?»

«ወይራ አምባ።»

እቴነሽ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «አባቴ» አለች፣ «ወይራ አምባ የተላክሁት ኢንጂነር እኔ ነኝ።»

አያ ደምሴ ከእግር እስከ ራሷ ደግመው አዩዋት። «የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢም እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ኢንጂነር ይመጣል ሲሉኝ ጺማም ሰው ነበር የጠበቅሁት።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ክርክሩን አላበረደውም። ጎማው ተለውጦ ወይራ አምባ እስኪወርዱ ድረስ እሳቸው «ችካል» ሲሉ እሷ «መነጽር» ስትል ተጓዙ።

በማግሥቱ ኮሚቴው በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። ከጤና ጣቢያው አዋላጇ ሲስተር ፈንታነሽ መጥታለች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ባዩ ተገኝተዋል፤ የአካባቢው ሰውም ድንጋዩንና ጉልበቱን የሚያወጣው እሱ ስለ ሆነ ግራ ቀኙን ሞልቶታል። አያ ደምሴ ነገሩን አሳጠሩት።

«ልጃችን የተማረች ናት፣ እናከብራታለን። ሳጥኑ ግን ይቅር። ቦታው ላይ ችካል እንትከልና እንጀምር። በጋው ይሄድብናል።»

«አያ ደምሴ» አለች እቴነሽ ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ «ከፈቀዱልኝ ጥቂት ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂ ልጄ።»

«የዚያን ጊዜ የተቋራጩን ወረቀት ማን አየው?»

«እኛ አየነው። የወረዳ ሰዎችም አዩት።»

«ዓለሚቱ አይታዋለች?»

«እሷ የወረቀት ነገር የት ታውቃለች።»

«ቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረምሶችስ?»

«ማን ጠይቋቸው!»

«እንግዲያው ጥፋቱ ወረቀት መሆኑ ብቻ አልነበረም። ወረቀቱን ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ መጠየቁ ነው። ወረቀት መስመር ነው፤ መስመር ደግሞ የተማረ ዓይን ይፈልጋል። እርስዎ ራስዎ እንዳሉት፣ ሰዉ አጨበጨበ፤ ያላየውን ነገር አጨበጨበለት። ይህ መነጽር ግን ፊደል ቁጠሩ አይልም። እግር ያለው ይራመድበታል፣ ወልዳ የምታውቅ ትፈርድበታለች። እኔ የሠራሁት ንድፍ ልክ ነው ብዬ አልምልም፤ ልሳሳት እችላለሁ። መሳሳቴ ካልቀረ ግን ድንጋይ ሳይነሳ ይታወቅብኝ። ቤቱ ካለቀ በኋላ ‹ጠበበን› ብንል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።»

አያ ደምሴ ብዙ የተማረ ሰው አይተዋል፤ «ልሳሳት እችላለሁ» ያለ የተማረ ሰው ግን ሰምተው አያውቁም። ልባቸው ትንሽ ሸብረክ አለ፤ አፋቸው ግን ገና ነበር።

«ቄስ ባዩ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብለው ነገሩን ወደ ጎን አሻገሩት።

ቄሱ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ሰይጣን የለበትም ወይ ብዬ ላሰብሁት መልስ የሰጠኝ ነገር አለ» አሉ። «ሰይጣን ሥራው ሰውን ማሳሳት ነው። ይቺ ልጅ ግን ስሕተቴን አሳዩኝ እያለች ነው። ይሞከር።»

«ይሞከር እንግዲህ» አሉ አያ ደምሴ። «እኔ ግን ዓይኔ ላይ አላደርገውም።»

ወንበሩ ሁሉ ወደ ግድግዳ ተገፋና አዳራሹ ባዶ ሆነ። መጀመሪያ ሲስተር ፈንታነሽ መነጽሩን አደረገች። ባዶ አዳራሽ ውስጥ እጇን ዘርግታ፣ እንደ ዕውር እየዳበሰች ስትራመድ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን አልሳቀችም። «የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ከአልጋው ራቀ» አለች። «እናቲቱን ደም ሲፈሳት እኔ እስከዚያ ልሮጥ ነው?» እቴነሽ ኮምፒውተሯ ላይ ጣቷን አንቀሳቀሰች። «አሁንስ?» «አሁን ደረስሁበት።»

ቀጥሎ አንበሳሜ ገበያ ጨርቅ የምትነግደው ዘቢባ ገባች። የመጀመሪያ ልጇን ከፀነሰች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው። እርጉዞች ምጣቸውን የሚጠብቁበት ማቆያ ክፍል ደርሳ ቆመችና፣ «ይህ በር በተከፈተ ቁጥር አላፊ አግዳሚው አልጋዬ ላይ ሊያየኝ ነው። እኔ እዚህ አልተኛም» አለች ቁርጥ አድርጋ። በሩ ወደ ጎን ዞረ። ለመስገጃም አንድ ጥግ ጠየቀች፤ ጥጉም ተገኘ። ከዚያ አንዲት አሮጊት መነጽሩን አድርገው ሁለት እርምጃ እንደ ሄዱ ዞረባቸውና «ያዙኝ! ያዙኝ!» አሉ።

«አላልኋችሁም!» አሉ አያ ደምሴ።

«ብለዋል» አለች እቴነሽ አሮጊቷን ደግፋ እያስቀመጠች። «አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል፤ አውልቆ ትንሽ ማረፍ ነው። ክፉውንም ደጉንም መናገር አለብኝ።»

ዓለሚቱ ይህ ሁሉ ሲሆን የአዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን እስከ አፏ ድረስ ተከናንባ፣ አንድ እግሯን ወደ ውጭ አድርጋ፣ ለመሄድ እንደ ተዘጋጀ ሰው ነበር አቋቋሟ። እቴነሽ ወደሷ ሄዳ በለሆሳስ አነጋገረቻት።

«እህቴ፣ ይህ ቤት ገና የለም። ካልወደድሽው አይሠራም። ማንም አያስገድድሽም።»

ዓለሚቱ አባቷን አየች። አባቷ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ ነጠላዋን ወደኋላ መለሰችና ራሷን ጎንበስ አድርጋ ለመነጽሩ ሰጠች።

ቀስ ብላ ተራመደች። የሚስቅ አልነበረም። በር ወዳለበት ሄደች፣ ገባች፣ ወደ ግራዋ ልትዞር አለችና በቆመችበት ቀረች። እጇን ወደ ባዶው አየር ዘረጋች።

«እዚህ ጋ ነው» አለች። «እዚህ ጋ ቃሬዛው አይዞርም።»

እቴነሽ ደነገጠች። ወደ ኮምፒውተሯ ተመልሳ ቁጥሩን አየች። «ለባለጎማው አልጋ ነበር የለካሁት» አለች፣ ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «የቃሬዛውን እንጨት ርዝመትና የተሸካሚዎቹን ቦታ አላሰብሁትም። ስሕተቱ የእኔ ነው። ቃሬዛ አለ?»

ቃሬዛ ከጤና ጣቢያው መጣ። ሦስት ጎረምሶች እንጨቱን ያዙ። አንደኛው የፊት ጫፍ ግን ባዶ ነበር፤ የሚይዘውም ሰው መነጽሩን ማድረግ ነበረበት። እቴነሽ ማንንም አልጠራችም። ዓለሚቱ ግን መነጽሩን አውልቃ ወደ አባቷ ዘረጋችው።

«አባባ፣ ያን ቀን የፊቱን የያዝህ አንተ ነበርህ።»

አያ ደምሴ ብዙ ማለት ይችሉ ነበር። ተረት ነበራቸው፣ ምሳሌ ነበራቸው፣ የሰብሳቢነት ሥልጣንም ነበራቸው። ነገር ግን ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው መነጽሩን ተቀበሉ።

አዳራሹ ጠፋ። ከፊታቸው ነጭ ግድግዳ ቆመ፤ በመስኮቱ የጠዋት ብርሃን ገብቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ግንበኛ ናቸውና እጃቸው ሳይታዘዝ የበሩን መቃን ሊዳብስ ሄደ፤ የጨበጠው ግን ነፋስ ነበር። «አጃኢብ!» አሉ። ከዚያ የቃሬዛውን እንጨት ትከሻቸው ላይ አኖሩ፤ ተንቀሳቀሱ። በሩን አለፉ። ወደ ግራ ታጠፉ። ድንገት ሁለቱን እግራቸውን ተክለው ቆሙ።

«ቁሙ! ቁሙ! ግድግዳ ነው! ትጎዷታላችሁ!»

ቃሬዛው ላይ ማንም አልነበረም። ፊታቸውም ግድግዳ አልነበረም። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሽማግሌውን ድምፅ የሰማ ሁሉ የአምናው ዝናብ የዘነበበት መሰለው።

«ይህን ግድግዳ አፍርሱልኝ!» አሉ አያ ደምሴ።

እቴነሽ ጣቷን አንቀሳቀሰች። ግድግዳው ድንጋይ ሳይንኮታኮት፣ አቧራ ሳይነሳ ወደኋላ ሸሸ። ማዕዘኑ ተከርክሞ መተላለፊያው ሰፋ።

«አሁን ይሂዱ።»

ሄዱ። ዞሩ። ቃሬዛው ምንም ሳይነካ አልጋው አጠገብ ደረሰ። አያ ደምሴ እንጨቱን ከትከሻቸው አውርደው መነጽሩን አወለቁ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ላብ ነው ብለው ነበር፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

«ዓለሚቱ» አሉ፣ «ያን ጊዜ ይህ ቢኖር...»

«አባባ» አለች ልጃቸው፣ «ለሚመጡት አለ።»

ከሰዓት በኋላ አያ ደምሴ ከእቴነሽ ጋር፣ ከሚፈርሰው ማዋለጃ አጠገብ አዲሱ ቤት የሚቆምበትን ቦታ ሊያዩ ወጡ። አሁን ቁጣቸው በርዷል፤ በቦታው ግን ሌላ ሐሳብ ገብቷል። ብዙ ሰው አዲስ ነገርን የሚቃወመው ነገሩን ጠልቶ ሳይሆን «እኔስ ምን ልሆን ነው?» ብሎ ነው። እሳቸውም ይህንኑ አወጡት።

«ልጄ፣ ቤቱን እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ ነገር ከመጣ ግንበኛ ምን ይሠራል? ነገ ደግሞ ድንጋዩንም እኔ ልጥረብ ይል ይሆናል።»

«መነጽሩ ድንጋይ አይጠርብም አያ ደምሴ። አፈሩን አያሸትም፣ ብርዱንም አያውቅም። እዚህ ብንቆፍር ጥቁር አፈር ይወጣ እንደሆነ፣ ጠንካራው መሬት የት ላይ እንደሚገኝ የሚነግረኝ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱን የሚያነበው ደግሞ ከእኔ ጋር እርስዎ ነዎት። መነጽሩ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሁላችንም ስለ አንድ ቤት እንድናወራ ያደርገናል። እስከ ዛሬ እኔ በልቤ አንድ ቤት፣ እርስዎ በልብዎ ሌላ ቤት፣ ዓለሚቱ ደግሞ ሦስተኛ ቤት ይዘን ነበር የምንነጋገረው።»

«እውነት ነው» አሉ አያ ደምሴ። «የጠብም ምንጩ እሱ ነው።»

«ሌላም ላሳይዎ» ብላ ከቦርሳዋ ታብሌት አወጣች። ሰፋ ያለ ስልክ ይመስላል። ወደ ባዶው ሜዳ ስታዞረው፣ እውነተኛው ሣርና እውነተኛው አጥር መስተዋቱ ላይ ታዩ፤ በላያቸው ደግሞ ገና ያልተቆፈረው መሠረትና ከመሬት በታች የሚያልፈው የውሃ ቧንቧ በቀለም ተሥለው ቆሙ። «ይህኛው ያለውን አይሸፍንም፤ ባለው ላይ ይደርባል። ሥራው ሲጀመር በየቀኑ እያየን እንሄዳለን፤ ከንድፉ ከወጣን ይነግረናል።»

አያ ደምሴ ታብሌቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዲያና ወዲህ አዞሩት። «ቱንቢ ግንቡ መዝመሙን እንደሚነግረኝ ማለት ነው» አሉ። «ይህ ደግሞ የቦታ ቱንቢ ነው።»

«ከዚህ የተሻለ ስም አልሰማሁም» አለች እቴነሽ።

ሥራው ተጀመረ። ሰዉ ከወንዝ አሸዋ አመጣ፣ ድንጋይ ፈለጠ። አያ ደምሴ ግንበኞቹን ይመራሉ፣ እቴነሽም በየጊዜው እየመጣች ታያለች። አንድ ቀን የመሠረቱ ብረት ታስሮ አርማታ ሊፈስ ሲል አያ ደምሴ ራሳቸው «እስቲ መጀመሪያ በቦታ ቱንቢው እንየው» አሉ። ሲሚንቶ ጭኖ የመጣው መኪና ሾፌር ሊያራግፍ ቸኩሎ አጉረመረመ። ታብሌቱ ሲዞር የፍሳሹ ቧንቧ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ብረቱ ተዘርግቶ ተገኘ። ለቧንቧው ማለፊያ ክፍት ቦታ አልተተወለትም። አርማታው ፈስሶ ቢሆን ኖሮ የደረቀ መሠረት በመሮ መቆርቆር ነበር የሚከተለው፤ አሁን ግን ሽቦው ተፈትቶ እንደገና እስኪታሰር ያህል ብቻ ቆዩ። አያ ደምሴ ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉት። ሾፌሩም ሳቀ።

ክረምቱ ሳይገባ ቤቱ ተከደነ። ሲመረቅ ሴቶቹ እየገቡ «ይህንን እኔ ነኝ ያስዞርሁት»፣ «ይቺን መስኮት እኔ ነኝ ያስከፈትሁ» ይባባሉ ነበር። ገና ሳይሠራ ገብተውበታልና እንግድነት አልተሰማቸውም። ዘቢባ ከመውለጃዋ ቀድማ መጥታ ማቆያው ውስጥ ተቀመጠች፤ ሴት ልጅ ወለደች። ሐምሌ ላይ ደግሞ ከቆላው በኩል አንዲት ሴት በቃሬዛ መጣች። ዝናቡ ይወርዳል። አያ ደምሴ በአጋጣሚ እዚያው ነበሩና በሩን ይዘው ቆሙ። ተሸካሚዎቹ ገቡ፣ ወደ ግራ ታጠፉ፣ ሳይቆሙ አለፉ። ከሚያልፉት ሰዎች አንዱም እዚያ ማዕዘን ላይ አንድ ነገር እንደ ነበረ አላወቀም። ጥሩ ቤት እንዲህ ነው፤ የተወገደው ችግር ለማንም አይታይም።

ዓለሚቱ አሁን በሳምንት አንድ ቀን ከሲስተር ፈንታነሽ ጋር እየሆነች እርጉዞችን በየቤታቸው ትጎበኛለች። «ቤቱን አይቼዋለሁ፤ አትፍሪ» ስትል ይሰሟታል።

የሚቀጥለው በጋ ሲመጣ እቴነሽ እብናት አጠገብ ላለ አንድ ቀበሌ የትምህርት ቤት ንድፍ ሠራች። የዚያ ቀበሌ ሽማግሌ አያ ፈንታሁን ይባላሉ። መነጽሩን ሲያዩ «ልጆቻችንን የምናስተምረው በድንጋይ ቤት ነው ወይስ በሕልም ቤት?» ብለው ስብሰባውን በሳቅ ሞሉት። እቴነሽ ልትመልስ ስትል፣ ግንቡን እንዲመሩ የተጠሩት አያ ደምሴ «ተይኝ ልጄ፣ ይህ የእኔ ነው» ብለው ተነሱ።

«አያ ፈንታሁን፣ ያሉትን ሁሉ እኔም ብያለሁ፤ እንዲያውም የእኔ ይበልጥ ያስቅ ነበር። አሁን ያየሁትን ልንገርዎ። ግድግዳ በድንጋይ ከቆመ በኋላ ማፍረስ ጉልበትም ሲሚንቶም ያባክናል፣ ከሁሉ በላይ ወዳጅነትም ያፈርሳል። ሥዕሉ ላይ ግን በጣት ይፈርሳል። የእኛ ግንበኞች አንድ ማዕዘን ሁለት ጊዜ አልሠሩም። ሚስቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ‹እንዲህ ይሁን› ብሎ ሲናገር ሰማን፤ ከዚያ በፊት እኮ አፍ እንዳላቸውም አላወቅንም! ቤቱ የራሳቸው ስለ ሆነ ዛሬ ራሳቸው ይጠርጉታል፣ ራሳቸው ይጠብቁታል። አጥብቀው ይቆፍሩ፣ ጥሩ ድንጋይ ይምረጡ፤ ይህን ማንም አይቀማዎትም። ከዚያ በፊት ግን ይግቡበት።»

አያ ፈንታሁን ዙሪያውን አዩ። የሚያድናቸው ሰው ሲያጡ «እንግዲህ ከሞትሁ የልጆቼን ነገር አደራ» ብለው መነጽሩን አደረጉ። ቆመው ግራ ቀኝ ተመለከቱ።

«ያማረ ነው» አሉ። «ምንም አልጎደለውም።»

«አያ ፈንታሁን፣ እርስዎ ሊማሩበት ነው እንዴ?» አሉ አያ ደምሴ። «በልጅ ቁመት ይዩት እንጂ።»

ሽማግሌው ጥቂት አመነቱ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ አሰገጉ፣ ወደ ግራ አሰገጉ። ከዚያ ቁጢጥ እንዳሉ በትራቸውን ወደ ባዶው አየር ቀስረው ጮኹ።

«ሰሌዳው አይታየኝም! ይህን ምሰሶ ማን እዚህ ተከለው? አንሱልኝ!»